ቀኙ የእሳቸው፣ ግራው የኔ

እማዬ እጄን የምታስረው ከፋብሪካ በምታመጣው ብጣሽ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን አበባ ያለበት ይሆናል፤ ያው ፋብሪካው ሰሞኑን እንደሚሠራው ነው። ራት ሊቀርብ ሲል «ነይ እስቲ» ትለኛለች፤ ግራ እጄን ወደ ኋላ አጥፋ ከወገቤ ጋር ሸብ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ግንባሬን ስማ ሰሃኑን ታቀርብልኛለች። ክፋት እንዳይመስላችሁ! እናቴ ደስታነሽ ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ብቻ ግራኝ ልጅ ወለደች፤ ግራኝነት ደግሞ እንደ ቅማል በጊዜ ካልተለቀመ የሚራባ ነገር መስሏት ነበር።

የምንኖረው ሰበታ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራዩት ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ዳና፣ ሱሉልታ ከተማ ግንባታ ሥራ ላይ ስለሚውል የምናየው አልፎ አልፎ ነው፤ እኔን ሰው የማድረጉ ጣጣ እማዬ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን ለጎረቤታችን ለደጊቱ ጨው አድርሺ ተብዬ በግራዬ አቀበልኳት። ደጊቱ እጇን ሰብሰብ አድርጋ «ሀርከ ቢታቲን?» አለችኝ፤ በግራ እጅ? ማለቷ ነው። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ጨውንም ተቀብላኛለች። እማዬ ግን ከበራችን ላይ ሆና አይታለች።

ያን ቀን ማታ ስታስረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር። «ዘመድ አዝማድ በሌለበት አገር ‹አሳዳጊ የበደላት› ልታስብይኝ ነው? ነገ ባል ቤት ትገቢያለሽ። አማትሽ ፊት በግራሽ ውኃ ስታቀርቢ የሚሰደበው ማን ነው? እኔው ነኝ!»

የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ አማት ምን እንደሆነች የት አውቄ! አማት የሚሏት በር ላይ ታስራ የምትጮህ፣ ግራኝ ሲያልፍ የምትናከስ ነገር መሰለችኝ። ስለዚህ እጄን ሳልታገል ሰጠኋት።

ፒያኖው የመጣው በዚህ መሃል ነው። እማዬን አንዲት የፋብሪካ ጓደኛዋ «ፒያኖ ሁለቱንም እጅ እኩል ያሠራል፤ ቀኟን ያፍታታላታል» ብላ መከረቻት። የምማርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ አንድ አሮጌ ፒያኖ አለ፤ ምስጥ እንዳይወጣበት እግሮቹ ናፍጣ በተሞላ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ የቆሙ። የሙዚቃ አስተማሪያችን እትዬ ጥሩሰው ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወቱ ነበር ይባላል። እኔ የማውቃቸው ግን ነጠላቸውን ደረብ አድርገው፣ ቀኝ እጃቸውን ብቻ አውጥተው፣ ጠረጴዛውን እየመቱ ሲያዘምሩን ነው።

እማዬ የማታ ፈረቃ በገባችበት ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይዛኝ ሄደች።

«እትዬ፣ ልጄ ግራኝ ናት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የማይድን በሽታ እንደሚናገር ሰው። «እንደው ቢቻል ቀኟን ቢያስለምዱልኝ።»

እትዬ ጥሩሰው ቀና አሉ። «ግራኝ?»

«በጸሎትም ይዤዋለሁ። በቅጣትም ሞክሬያለሁ።»

«ምን ያህል ግራኝ?»

«እንዴት ምን ያህል?» አለች እማዬ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟት አያውቅም።

«ነይ እስቲ አንቺ» አሉኝ። ግራ እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጉ፤ ጫፍ ጫፋቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚመርጡ ነው የሚመስሉት። ፊታቸው ግን ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው ፊት አልነበረም፤ አንድ ነገር ጠፍቶባቸው ቆይቶ ያገኙት ይመስሉ ነበር። «ትምጣ» አሉ። «ከትምህርት ስትወጣ፣ በየቀኑ ትምጣ። ክፍያ አልፈልግም።»

«ቀኟን ነው እኮ እትዬ…»

«ሰምቼሻለሁ። ለኔ ተዪው።»

እማዬ ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ብላ በስንት ልመና ተነሣች። እኔ «አዘኑልኝ» አልኩ በሆዴ። በጣም ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ እንዳዘዘችኝ ቀኝ እጄን ፒያኖው ላይ አወጣሁ። እትዬ አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «እሷ ትረፍ። ያችኛዋን አምጪ።»

ከዚያ በኋላ ግራ ብቻ ሆነ! እሳቸው ከቀኜ በኩል አግዳሚው ላይ ተጠግተውኝ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከታች ዱም፣ ታ-ታ፣ ዱም፣ ታ-ታ እላለሁ፤ እሳቸው ከላይ በቀኝ እጃቸው ዜማውን ያወርዱታል። ስሳሳት በእግራቸው ወለሉን ይመቱና «ከመጀመሪያው» ይላሉ። በነጠላቸውና በትከሻዬ መካከል አንድ ጠንካራ ነገር ይሰማኝ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ክርናቸው መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ መቼ ነው ዜማውን የምጫወተው?»

«ግራ እጅ መሠረት ነው፣ ቀኝ እጅ ጣራ ነው። መሠረት የሌለው ጣራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ቆፍሪ።»

እኔ ግን ስስታም ናቸው አልኩ። ሥጋውን ለራሳቸው አውጥተው ለእኔ መረቁን የሚሰጡኝ መሰለኝ። ደግሞ አንዳንድ ቀን፣ ሳልሳሳት ረጅም ጊዜ ስዘልቅላቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጫወቱና እንባቸው ኮለል ይላል። «ይህን ያህል አበላሽቼዋለሁ?» ብዬ እደነግጥና ይበልጥ እጠነቀቅ ነበር።

የካቲት ላይ ነው መሰለኝ፣ እየተለማመድን ሳለ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ኦቦ ገርባ ገቡ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሁልጊዜ ቁልፍ የሚያንቃጭሉ ሰው ናቸው። «አከም ጂርቱ፣ እትዬ!» ብለው ደህንነታቸውን ጠየቁና እኔን ወደ ውጭ ላኩኝ። በሩ ጥግ ቆሜ አዳመጥኩ።

«እትዬ፣ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ብቻዎን ሲጫወቱ አንድ ቀን አልሰማሁም። ድሮ እኮ ቢሮዬን የምከፍተው በእርስዎ ፒያኖ ነበር። ምን ነካዎት?»

«እርጅና ነው ልጄ።»

«እርጅና ከሆነ እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። ወላጅ ልጁን የሚያስመዘግበው ሙዚቃ አለ ብሎ ነው። እየጠየቁኝ ነው። ክፍልዎንም ኮምፒውተር ላስገባባት አስቤ ነበር። ለሰኔው የወላጆች በዓል እንደ ድሮዎ ይጫወቱና ሰው ይስማ፤ ከዚያ ማንም ቢናገር እኔ አለሁ። ካልሆነ ግን… እህትዎ ቡራዩ አይደሉም?»

«ቡራዩ ናት።»

«ይኸው እንግዲህ።»

ከዚያ እትዬ «እጫወታለሁ» አሉ።

«ቶሌ፣ ቶሌ! ጋላቶሚ» ብለው ተስማምተው አመሰገኑና ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ወጡ።

እኔ የገባኝ ይኼ ነው፦ ኮምፒውተር የሚባል ተከራይ የእትዬን ክፍል ፈልጓል፤ እትዬ በሰኔ ካልተጫወቱ ፒያኖውን ጥለው ቡራዩ ይሄዳሉ። ከኮምፒውተሩ በቀር የተሳሳትኩት ነገር የለም። የእህታቸው ቤት አንዲት ክፍል ሆና ስምንት ሰው ይተኛባት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን አልፈራሁላቸውም። መጫወት ለእሳቸው ምን ያቅታል? በቀኙ እንደዚያ ለሚያወርዱት!

መጋቢት ላይ፣ ከመናገሻ በኩል የሚመጣው ነፋስ በሚበረታበት ሰሞን፣ የአዳራሹ በር ብርግድ ብሎ ተከፈተና ነፋሱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፈው። እሳቸው ለመያዝ ተጣደፉ፣ አልደረሱበትም። አየሁት። ግራ እጃቸው ከአንገታቸው በተንጠለጠለ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ታስሯል። ጣቶቹ እንደ ዶሮ እግር ተጨብጠው ደርቀዋል።

ታስሯል! ልክ እንደኔ ታስሯል።

«እትዬ… እርስዎም?»

«ምን እኔም?»

«ታስሮብዎታል።»

ነጠላውን ከወለሉ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አልደረቡትም። «አዎ» አሉ። «መታሰሩ ነው ለዚህ ያበቃኝ። አየሽብኝ እንግዲህ።»

«ለማንም አልናገርም።»

«ከሰሙ ከዚህ ያስወጡኛል፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። አልናገርም አልኩ እኮ! እኔም ማታ ማታ እታሰራለሁ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«እማዬ ታስረኛለች። ራት ስበላ፣ የቤት ሥራ ስሠራ። ቀኜ እንዲለምድ።»

አንጓዬን አፈፍ አድርገው ያዙ፤ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰቡ። «ስታስርሽ ይጠብቃል? ጣትሽ ይደነዝዛል? ይቀዘቅዝብሻል?»

«አንዳንዴ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል።»

«እግዚኦ!» አሉ። አንጓዬን በአውራ ጣታቸው ያሹልኝ ጀመር። የደነገጡት ለእኔ መሆኑ አልገባኝም፤ የራሳቸው ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። «እትዬ፣ አሁን እኮ እናትዎ የሉም። ማንም አይቆጣዎትም። ይፍቱት።»

አዩኝ፣ አዩኝና ሳቁ። ሳቃቸው ደግሞ ወዲያው ወደ ለቅሶ ሄደ። «ብፈታውም እምቢ አለኝ ልጄ» አሉ። «አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይመጣም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ግራኝ እኔና እትዬ ጥሩሰው ብቻ ሆንን፤ ይህንኑም ነገርኳቸው። እናታቸው አስረዋቸው፣ ሳይፈቷቸው ሞተው፣ እጃቸው ሥራውን ረስቶ የቀረ ብቸኛ ሰው አድርጌ ያዝኳቸው። ስስታም ያልኳቸውን ሁሉ መለስኩ። ግራውን የሚያጫውቱኝ ለካ የእሳቸው ስለተከለከለ ነው! «እኔ እጫወትልዎታለሁ» አልኩ በሆዴ፤ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እውነቱን ራሳቸው የነገሩኝ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ነው። እትዬ ግራኝ አልነበሩም። በነሐሴ ጭቃ ተንሸራተው ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር ጥርቅም አድርጎ አሰረላቸው። «ያመኛል» ሲሉ «አጥንቱ ሊገጥም ነው» ተባሉ፤ «አልሰማውም» ሲሉ «እሰይ፣ ሕመሙ ለቀቀዎት» ተባሉ። ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፣ ጣቶቹ ግን ሞተዋል። ወጌሻው የስንቱን አጥንት የጠገነ ሰው ነው፤ እሳቸውም ሲረግሙት አልሰማሁም። ከአንድ ክፍል ሙሉ ልጅ መካከል እኔን የመረጡኝም አዝነውልኝ አይደለም፤ የየዓመቱ የሰኔ በዓል ከመድረሱ በፊት አንድ ግራ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር። መሳሳቴ ደግሞ ያኔውኑ፣ በመጋቢቱ ነፋስ ዕለት ገብቷቸዋል። አላረሙኝም። ልጅ ምስጢር ቢያወጣ እንኳ የተሳሳተውን ቢያወጣ ይሻላል ብለው ይሆናል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ስጠይቃቸው ግን «በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነን ስትዪኝ እንዴት ብዬ ልተውሽ?» ነበር መልሳቸው።

ግንቦት ላይ እማዬ ልትወስደኝ መጣች። እትዬ በሩ ድረስ ሸኙን።

«ደስታነሽ፣ ልጅቷን አትሰሪያት» አሉ።

እማዬ እኔን አየችኝ፤ አቀረቀርኩ። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም ይንገረኝ። እጅ እኮ ነው፣ ደም አለው። ማሰር አደጋ አለው።»

«እትዬ፣ እኔ የሰጠሁዎት ቀኟን እንዲያስተምሩልኝ ነው። እርሷ ግን ጭራሽ ባሰባት! ማንኪያም በቀኟ አልይዝ አለች። ሰው ቤት ይዣት ልሄድ አልቻልኩም።»

«ስሚኝማ ልጄ፣ እኔ የማውቀው ነገር ስላለ ነው—»

«እርስዎ ወልደው ያውቃሉ?»

እንዲህ አለቻቸው! ምን ማለት እንደሆነ ባይገባኝም የሆነ ነገር እንደተሰበረ ገባኝ። በነጠላቸው ሥር እጃቸው ያለበት ቦታ ትንሽ ተነቃነቀ፤ የሚያወጡት መሰለኝ። ኦቦ ገርባ በግቢው ማዶ ከዘበኛው ጋር ቆመው ይስቃሉ። እትዬ አዩዋቸው። ነጠላው ጸጥ አለ።

«አላውቅም» አሉ።

«እንግዲያው ይተዉኝ» አለችና ጎትታኝ ወጣች። መንገዱን ሙሉ «ምነው አፌን በቆረጠው! ምነው አፌን በቆረጠው!» ስትል ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አልተመለሰችም። ማታ ደግሞ ራሷ ላይ ተናድዳ ይሁን እኔ ላይ፣ ጨርቁን ከወትሮው አብልጣ አጠበቀችው። በነጋታው ከትምህርት በኋላም ጣቶቼ ዱም፣ ታ-ታውን ሊሉልኝ አልቻሉም። እትዬ አንጓዬ ላይ የቀረውን ቀይ ምልክት አዩና መዳፋቸውን ጭነውበት ቆዩ። ያን ቀን «ከመጀመሪያው» አላሉኝም።

ሰኔ ደረሰ። የበዓሉ ዕለት ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፤ አዳራሹ በወላጅ፣ በጃንጥላና በእርጥብ ጫማ ሽታ ተሞልቷል። እማዬ ከጓደኛዋ ጋር ፈረቃ ተቀያይራ፣ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ለእኔም ነጭ ካልሲ አድርጋልኛለች። ከቤት ስንወጣ «በቀኝሽ ነው ሀሴት፤ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» ብላኛለች።

ኦቦ ገርባ ማይክሮፎኑን አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም። «አሁን ደግሞ የምንወዳቸው እትዬ ጥሩሰው! ከትንሿ ተማሪያቸው ጋር!»

ተቀመጥን። የምንጫወተው እትዬ ራሳቸው በባቲ ቅኝት የሠሩትን ዜማ ነው። እግራቸውን ሲያነሡ አየሁ፣ ጀመርኩ። ዱም፣ ታ-ታ። ትንሽ ብቻዬን አስኬዱኝ። ከዚያ ከላይ ገቡ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ… ዛሬ የራሴ ተማሪዎች አሉኝ፣ በሁለት እጄ እንጀራዬን የምበላበት ሙያ ነው፤ ግን ያን ቀን የሰማሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ ከራሴ እጅ አልሰማሁም። ሁለት ሰዎች መሆናችን ጠፋኝ። ዝናቡም ጠፋኝ። አንድ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሁለት ጤነኛ እጅ ኖሮኝ የምጫወት ነበር የመሰለኝ።

ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተደባለቀ። ወላጆች ልጆቻቸውን ለማቀፍ እንደሚያደርጉት እማዬም ወደ መድረኩ መጣች። ፊቷን ሳየው ደስታዬ ውኃ ሆነ። ከአግዳሚው አጠገብ ጎንበስ ብላ፣ ለሰው የምታቅፈኝ መስላ፣ ግራ አንጓዬን ጨምድዳ ያዘች። «ቤት እንገናኝ» አለችኝ በጥርሷ መካከል።

ይቺን ቃል የማያውቅ የሐበሻ ልጅ የለም። እዚያው ፒያኖው ሥር ብቀበር በወደድኩ።

እትዬ ጥሩሰው በዚያን ጊዜ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ወደ እማዬ ዞሩ። ነጠላቸው ከግራ ትከሻቸው ተንሸራቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ያ እጅ ወጣ። ከእማዬና ከእኔ በቀር ማንም አላየውም፤ ከእማዬ ፊት ግን አንድ ክንድ አይርቅም። ጨርቁ፣ የደረቁት ጣቶች፣ አንጓው ላይ ዙሪያውን የቀረው ጠባሳ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። «ነጠላዎ! ነጠላዎ!» ብዬ ልጮህ አልኩ፤ ብጮህ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያያቸው ነው። በቃ፣ እማዬ አየች፣ ትናገራለች፣ እትዬ ቡራዩ ሄዱ አልኩ።

እማዬ አልተናገረችም። መጀመሪያ የእሳቸውን እጅ አየች፣ ቀጥላ በራሷ መዳፍ ውስጥ ያለውን የኔን አንጓ አየች። ጣቶቿ ተፈቱ።

ልክ ያኔ ኦቦ ገርባ ከኋላችን በማይክሮፎኑ «እንግዲህ አሁን እትዬ ብቻቸውን! እንደ ድሯቸው! አንድ ለእኛ!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበላቸው። «ብቻቸውን! ብቻቸውን!» ይላል ሰው። እትዬ አልተንቀሳቀሱም።

ያን ጊዜ እናቴ፣ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የማታውቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንኳ በሹክሹክታ የምትሰጥ ሴት፣ ነጠላውን አንስታ እትዬ ትከሻ ላይ በደንብ አደላደለችና ወደ ሕዝቡ ዞረች። «አይሆንም!» አለች። «ልጄ ትድገም! ከሥራ ቀርቼ የመጣሁት ልጄን ለማየት ነው! ገና አልጠገብኩም!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ደስታነሽ፣ ተራ ጠብቂ እንጂ!» አሉ ኦቦ ገርባ።

«ተራ የለም! ከልጄ ጋር ይድገሙት! በዚያው በግራዋ!»

«ቶሌ፣ ቶሌ!» አሉ ኦቦ ገርባ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው። «ከእናት ጋር ማን ይከራከራል? ይደገም!»

ደገምነው። እማዬ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም፤ ከእትዬ በስተግራ፣ እኔን ከኋላ ከልላ ቆመች። ከዚያ ማታ ጀምሮ እጄ ታስሮ አያውቅም። እትዬም በክፍላቸው ቆዩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኦቦ ገርባ የእጃቸውን ነገር ሲሰሙ እትዬ ያስተማሯቸው ልጆች ችሎታ አፋቸውን ዘጋው፣ ኮምፒውተሩም ሌላ ቤት ተፈለገለት።

እማዬ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ ወደ እትዬ ክፍል መሄድ አመጣች። እኔን ፒያኖው ጋ ትተወኝና በሩን ገርበብ አድርጋ ትቆያለች። እትዬ ጥብቅ ኦርቶዶክስ ናቸውና «ልትሰብካቸው ነው፣ ሊጣሉ ነው» ብዬ እሰጋ ነበር። ለካ ልብሳቸውን ነበር የምታጥበው። ነጠላ በአንድ እጅ አይጨመቅም።

እትዬ ጥሩሰው ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ፉሪ፣ ወላጆቼ በሠሩት ቤት በረንዳ ላይ፣ እኔና እማዬ ጎመን እየቀነጠስን ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ! እናቴ ስጫወት ሰምታ፣ ልቧ ቀልጦ፣ እጄን ፈታችልኝ እያልኩ። ከራሷ አፍ ልስማው ብዬ «እማዬ፣ የዚያን ቀን ስጫወት ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

«የቱን ቀን?»

«የሰኔውን ነዋ! የወላጆች በዓል!»

«ኧረ ተይኝ! ምን ሰማሁ ብለሽ ነው? በግራሽ ስትጫወቺ ሳይሽ ደሜ ፈልቶ፣ አንድም ነገር ጆሮዬ አልገባ።»

«ሁለት ጊዜ እኮ ነው የተጫወትነው!» አልኳት ከልቤ ተናድጄ።

«ሁለተኛውንማ እያለቀስኩ። ማን ይሰማል?»

ትልቅ ሰው ሆኜ አኮረፍኩ፤ ሳቀችብኝ። የተማሪዎቼ ታሪክ እንዲሁ ተበላሸ። «እሺ ይሁን» አልኳት፤ «እንግዲህ የኔ እጅ የዳነው ያ ነጠላ በዕድል ስለወደቀ ነዋ።»

የእማዬ እጅ ጎመኑ ላይ ቆመ። «ወድቆ መሰለሽ?»

«ታዲያ?»

«ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው ያወረዱት። በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው።»

የያዝኩትን ቅጠል አስቀመጥኩ። «ኦቦ ገርባ እዚያው ቆመው?»

«እዚያው ቆመው። እንደዚያ ተናድጄ! ብጮህስ? ‹ሰዎች፣ እዩ እጃቸውን› ብልስ? ያቺን ክፍልና ያን ፒያኖ ነበር እኮ እፊቴ ያስቀመጡት።»

«አምነውሽ ይሆናል» አልኳት።

«ምኔን ያምናሉ?» አለች እማዬ። «አልወለዱም ብዬ የሰደብኳቸው እኔ! አንድ ቀን ደህና ቃል ከአፌ አልሰሙም። አላመኑኝም ሀሴት። ያንቺ እጅ በልጦባቸው ነው።»